«ይመራል» ሲጠብቅ

እህቴ ምስጢር ልትነግራችሁ ከፈለገች መጀመሪያ መስኮቱን ዝጉ፤ ቀጥሎ በሩን። ያም ሆኖ ጎረቤት በግድግዳው በኩል «እሱስ ልክ ነሽ» ብሎ መመለሱ አይቀርም። አትፍረዱባት። ያደግነው ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። አባታችን ባለወፍጮ ነበር፤ መኝታችንን ከሞተሩ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። እኛ ቤት «ውሃ አቀብሉኝ» ለማለት እንኳ ደም ስር መገተር ነበረበት። እኔ ሳድግ ድምፄ ተስተካከለ፤ የሷ ግን እዚያው ሞተሩ ላይ ቀረ።

ሰፈር ውስጥ ዋና ስሟን የሚያውቅ የለም። እንደ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ሞንታርቦ ነው የሚሏት። ገና በወጣትነቷ ባሏ ሲሞትባት ልጇን አዝላ አውቶቡስ ተራ ገባችና ተሳፋሪ መጥራት ጀመረች። የሌሎቹ ጠሪዎች ድምፅ በሩ ላይ ሲያልቅ፣ የሷ መንገድ ተሻግሮ ቁርሱን የሚበላውን ሰውዬ ጉርሻውን ሳይውጥ ያስነሳዋል። «ይቺ ሴትዮ ሞንታርቦ ምን ያደርግላታል፤ ራሷ ሞንታርቦ!» አለ አንዱ ሹፌር፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ።

እኔም ሹፌር ነኝ። አሮጌ ፒክአፕ አለችኝ። ጣሪያዋ ላይ ሁለት የድምፅ ማጉያ አሰርንና የእህትና የወንድም ሥራ ጀመርን፤ እኔ እነዳለሁ፣ እሷ ትናገራለች። የጠፋ ልጅ፣ የወደቀ መታወቂያ፣ የሞተ ሰው፣ የውሃ ተራ፣ ሰው ሁሉን የሚሰማው ከሷ አፍ ነው። ባልና ሚስት በውሃ ቀን ሲጨቃጨቁ «ሞንታርቦ ምን አለች?» ይባባሉና ጭቅጭቁ እዚያው ይቆማል። ለዚህ ሁሉ ክብር የኔ ድርሻ ፍሬን መያዝ ብቻ ነው። ግን በመንገድ ስናልፍ ሰው እጁን ሲያነሳላት እኔም አብሬ አንገቴን አቀና ነበር። ምን ልዋሽ፣ ደስ ይለኛል።

ጉድ የፈላው ገዢው ፓርቲ ድምፅሽን እፈልገዋለሁ ያላት ዕለት ነው።

የፓርቲው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ ጎልማሳ ነው። ሰፈሩ «መግለጫ» ይለዋል። መግለጫ የተባለው እንደ ሰው ማውራት ስለማይሆንለት ነው። «እንደምን አደሩ?» ስትሉት «በአጠቃላይ ሲታይ በመልካም ሁኔታ ላይ እንገኛለን» ይላችኋል። ቤታችን መጣና የሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «እናት፣ የእርስዎ ድምፅ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ከልማቱ ጎን ይሰለፉ» አላት። እኔ «ሰልፍ» ስትባል ደንገጥ አልኩ፤ በዚህ ሰፈር ሰልፍ ተብሎ ደህና ነገር ተገኝቶ አያውቅማ። እሷ ግን ነዳጅ እንችላለን ሲላት እሺ አለች። ነዳጅ ከየት ይመጣል? የጠፋ ልጁን ያገኘ አባት እኮ እጅሽን ጨብጦ፣ አልቅሶ፣ መርቆ ነው የሚሄደው። በምርቃት ደግሞ መኪና አይነሳም።

«ከሰኞ ጀምሮ ውሃ በየቀኑ ይመጣል በይ» አሏት። አለች። ሰኞ መጣ፤ ቧንቧው እንደ ጉንፋን ያዘው ሰው ትንሽ አሳለና ዝም አለ። ቀጥለው «መንገዱ ሊነጠፍ ነው በይ» አሏት። አለች። አንድ መኪና መጥቶ ድንጋይ ዘረገፈና ሄደ፤ ድንጋዩ ዛሬም አለ፣ ሰው ይቀመጥበታል። ከዚያ የትራንስፎርመሩ ጉዳይ መጣ። እሱን ተዉት፤ ሳስበው ራሴን ያመኛል።

አትክልት ተራው በር ላይ ቃሪያ የምትሸጥ ሴት አለች። እሷንም ቃሪያ ነው የምንላት፤ ግን ከምትሸጠው ይልቅ የምትናገረው ያቃጥላል። አንድ ቀን የኛን መኪና አይታ እጇን በወገቧ ላይ አደረገችና፣ «ሞንታርቦ ዛሬ ፀሐይ ነው ብላለች! እናንተ ዣንጥላችሁን ያዙ!» ብላ ጮኸች። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እህቴ ያን ቀን ምሳ አልቀመሰችም።

«እኔ እኮ የጻፉልኝን ነው ያነበብኩት» አለችኝ መኪናው ውስጥ።

«እሱማ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«ምንም አትበለኝ! ሰው የሰማው የማንን ድምፅ ነው?» ብላ የመኪናዬን በር በክርኗ ደለቀችው። በሯ ምን አጠፋች! ግን እህቴን ሲከፋት ማየት አልወድም። ከዚያ ወዲህ የጠፋ ልጅ ስትጠራ እንኳ ሰው «እውነት ጠፍቶ ነው?» እያለ ይጠያየቅ ጀመር። ይኼ ነው አንጀቷን የቆረጠው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጤና ጣቢያችን አትክልት ተራው ፊት ለፊት ናት። ጠባብ ብትሆንም አንድ የማዋለጃ ክፍል አላት፤ አንድ አልጋ፣ አንዲት አዋላጅ። የሰፈሩ ልጅ ግማሹ ዓለምን መጀመሪያ ያየው በዚያ ክፍል መስኮት ነው። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያዋን እዚያ ስትወልድ ምጡ ጠንቶባት፣ አዋላጇ ባትደርስላት ኖሮ ሁለቱንም ነበር የምናጣው። አሁን ሁለተኛውን አርግዛ ወሯ ገብቷል። አንድ ጠዋት ለክትትል ሄዳ ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች።

«ክፍሉ የለም» አለች።

«ምን ማለት ነው የለም? ክፍል ተነስቶ ይሄዳል እንዴ?» አልኳት።

«ወንበር ሞልተውበታል አጎቴ። የፓርቲው የምሥረታ በዓል እስኪያልፍ መሰብሰቢያ አዳራሽ ነው አሉ። አዋላጇንም ካርድ ክፍል ወስደው ካርድ ያስወጧታል።»

«የምትወልድ ሴትስ?»

«ትልቁ ሆስፒታል ሂዱ ነው የሚሉት።»

ትልቁ ሆስፒታል የከተማው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነው። ታክሲ ይዘህ፣ ወርደህ፣ ሌላ ታክሲ ትይዛለህ፤ ያውም ከተገኘ። ምጥ የያዛት ሴት ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲላት አስቡት! በዓሉ እስኪያልፍ ማለታቸውንም የሚያምን አልነበረም። አምና «ለአንድ ሳምንት» ተብሎ የተወሰደው የኳስ ሜዳ ዛሬም የፓርቲው መኪና ማቆሚያ ነው። እነሱ ዘንድ «ለጊዜው» ማለት የልጅ ልጅህ ያየዋል ማለት ነው።

እህቴ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር መግለጫ ቢሮ ገባች። እኔም ተከትዬ ገባሁ፤ ለድጋፍ ሳይሆን እንዳትጮህበት።

«ልጄ ወሯ ገብቷል፤ እባክዎ ክፍሉን ይመልሱልን» አለችው።

«ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው እናት።»

«ሂደቱስ ይሁን። ምጥ ግን ሂደት አያውቅም።»

መግለጫ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አሽከረከረ። «የበዓሉን ቅስቀሳ በሚገባ ከሠሩልን፣ ክፍሉ በአዎንታዊ መልኩ ይታያል» አላት።

ስንወጣ «አመንሽው?» አልኳት። «አላመንኩትም» አለች። «ግን ምን አማራጭ አለኝ? እሠራለታለሁ። እንደውም አሳምሬ ነው የምሠራለት፤ ሰበብ እንዳያገኝ።» እናት ናት፤ ምን ትላታለህ?

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ከተማው በጨርቅ ተጠቅልሎ ጠበቀን። በየምሰሶው፣ በየድልድዩ፣ በየሱቁ ግንባር ባነር ነው፤ በጤና ጣቢያዋ በር ላይ ሳይቀር ሰቅለዋል። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ «ፓርቲያችን ይመራል!» እህቴም እንድታነብ የተሰጣት እሱኑ ነው። ለብ ያለ ውሃ ጠጣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ ገቢና ተቀመጠች። ለልጇ ሠርግ እንኳ እንዲህ አልተዘጋጀችም።

እንግዲህ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ፊደላችን ስንት ነገር ሲችል ማጥበቅና ማላላትን ግን ለአንባቢው ምላስ ትቶታል። ያቺን «ይመራል» «ራ»ዋን አላልታችሁ ብታነቧት ፓርቲው መሪ ነው። «ራ»ዋን ጠበቅ ካደረጋችኋት ፓርቲው እንደ ወባ መድኃኒት የሚመር ነገር ነው። «መ»ንም «ራ»ንም ካጠበቃችሁ ደግሞ ሌላ ሰው ነው እየጎተተ የሚወስደው። አንድ ጽሑፍ፣ ሦስት ጣጣ። ባነሩን ያሠራው ሰው ይኼን አላሰበም፤ እኛም አላሰብንም።

ሁለት ሰፈር በሰላም አዳረስን። እህቴ አላልታ፣ አሳምራ፣ እንደ ዜና አንባቢ እያስረዘመች አነበበች። ሰው ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈ፤ ያው እንደለመደው። አትክልት ተራው ጋ ስንደርስ መንገዱ ስለተጨናነቀ መኪናዋን ቀስ አደረግኩ። የጤና ጣቢያዋ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው ውስጥ የማዋለጃው አልጋ ፀሐይ ላይ ተጥሏል። በላዩ የለስላሳ ሳጥን ተደርድሮበታል፤ አንዱ ጥበቃ ጫፉ ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል። እኔ አይቼ ጥርሴን ነከስኩ። እህቴም ማየቷን ያወቅኩት ትንፋሿ በማጉያው ሲወጣ ነው፤ ያ ትንፋሽ ብቻውን መንገዱን ሞላው። ከዚያ ወረቀቷን ቀና አድርጋ ጮኸች፦

«ፓርቲያችን ይመራል!»

«ራ»ዋን አጥብቃ።

ክው አልኩ። ቲማቲም የሚመዝነው ሰውዬ እጁ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ቀረ። መጀመሪያ የነቃችው ቃሪያ ናት፤ «እሰይ! ዛሬ ገና እውነት ተናገረች!» ብላ እጇን አጨበጨበች።

«እትዬ፣ ምን ነካሽ! ‹ራ›ዋን ለቀቅ አድርጊያት!» አልኳት።

«ምን አልኩ? የተጻፈውን እኮ ነው!» አለችኝ ዓይኗን አፍጥጣ። እኔ ልሙት፣ አላወቀችም ነበር። ውስጧ ያለው ነው በምላሷ ሾልኮ የወጣው። ስነግራት ፊቷ ዓመድ መሰለ። «ክፍሉ!» አለች። «ክፍሉን አስከለከልኩ!» ላስተካክል ብላ ተንደርድራ ማይኩን አፏ ላይ ለጠፈችና ደገመችው። ድንጋጤ ነው መቼስ፤ አሁን ደግሞ «መ»ንም «ራ»ንም አንድ ላይ አጠበቀቻቸው።

«ይመራል?» አለች ቃሪያ። «በምን? በገመድ?»

ገበያው ተንጫጫ። እህቴ ለሦስተኛ ጊዜ በትክክሉ አላልታ አነበበችው፤ ግን ማን ይሰማል? የሽንኩርት ሻጮቹ ባለ መራራውን ይዘውት «ይመራል! ይመራል!» እያሉ እየተቀባበሉት ነው። ሹፌሮች መስኮት እያወረዱ ይደግሙታል። አንዲት ሴትዮ ጎመኗን አስራ ስትጨርስ ለጎመኑ ነገረችው። እኔ ላብ አሰመጠኝ። «እትዬ፣ እግሬ አውጪኝ ነው የሚያዋጣን!» ብዬ ማርሽ ላስገባ ስል እጄን ያዘችኝ።

«አቁም» አለችኝ። «ቃሪያን እያት።»

ቃሪያ ቅርጫቷን አንስታ መንገዱን እየተሻገረች ነው። ለካ የሷም ምራት ነፍሰ ጡር ናት። ጤና ጣቢያዋ በር ላይ፣ ልክ ባነሩ ሥር ቆመችና አንጋጥጣ አነበበችው፤ አጥብቃ። ሌላዋ ተከተለቻት። ሌላዋም። ትንሽ ቆይቶ በሩ በሴት ሞላ፤ አሮጊት አለች፣ ሕፃን ያዘለች አለች፣ ሱቋን ዘግታ የመጣች ፀጉር ሠሪ አለች። ወንዶቹም ከኋላ ቆሙ፤ እንደ ወንድ ደንብ ነገሩ ከከፋ ለመሮጥ በሚመች ቦታ። ሁሉም ባነሩን ነው የሚያነቡት። ሌላ መፈክር የለም፣ ሌላ ወረቀት የለም።

ፖሊሶች መጡ። አለቃቸው ረዘም ያለ ሰውዬ ነው፤ «ምንድነው የምትሉት?» አለ።

«የተጻፈውን ነዋ!» አለች ቃሪያ በጣቷ እያሳየች። «ጌታዬ፣ እስቲ እርስዎ ያንብቡልን።»

አለቃው ቀና ብሎ አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አፉን ገጠመ። ከኋላው ያለው ወጣት ፖሊስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ላላ አድርጋችሁ አንብቡ!» ብሎ አዘዘ አለቃው።

በዕድሜዬ ብዙ ትእዛዝ ሰምቻለሁ፤ ፖሊስ ፊደል ይላላ ብሎ ሲያዝ ግን ያን ቀን ገና ሰማሁ። ሴቶቹ «እሺ» አሉ፣ ትንፋሽ ወሰዱ፣ ባንድ ድምፅ «ፓርቲያችን ይመራል!» አሉ። ከበፊቱ ብሶ ጠበቀ። «ምን እናድርግ ጌታዬ፤ አፋችን አንዴ ለምዶታል» አለች ቃሪያ። ባነሩን እንዳያስነሳ የፓርቲው ነው፤ ያውም በበዓሉ ቀን። አንባቢ እንዳያስር የፓርቲውን መፈክር ያነበበች ሴት አሰረ ሊባል ነው። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።

በዚህ መሃል መግለጫ ከረባቱ ትከሻው ላይ ተጣጥፎ እየሮጠ ደረሰ። ለበዓሉ ከበላይ የሚመጡት እንግዶች በዚያ መንገድ ነው የሚያልፉት። እህቴን ቀና ብሎም ሳያያት ማይኩን ከእጇ ነጠቀ። «የተከበራችሁ የአካባቢያችን ነዋሪዎች፤ የማዋለጃ ክፍሉ ከነገ ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት እንዲሰጥ ተወስኗል። ስለሆነም ወደየቤታችሁ በሰላም ተመለሱ» አለ።

ከቦታው ንቅንቅ ያለ የለም።

«ውሃውም ሰኞ ነበር የሚመጣው!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«ድንጋዩ ላይ ነው ቁጭ ብለን የምንጠብቀው!» አለ ሌላው።

መግለጫ ማይኩን ዝቅ አድርጎ ወደ መኪናው መስኮት ጠጋ አለ። «እርስዎ ይንገሯቸው» አላት። «የእርስዎን ድምፅ ያውቁታል። ይህን ካደረጉልኝ ልጅዎን እኔ ራሴ በቢሮው መኪና ትልቁ ሆስፒታል አስወስዳታለሁ። በተሻለ ሐኪም ትወልዳለች።»

እኔ በዓይኔ «እሺ በይው፣ እሺ በይው» እላታለሁ። የልጅቷ ነገር ነዋ! እህቴ ማይኩን ተቀበለችው። ከመኪናው ወረደች። ባነሩ ሥር የቆሙትን ሴቶች አየቻቸው፤ አብዛኞቹን ከልጅነታቸው የምታውቃቸው፣ አንዳንዶቹን አውቶቡስ ተራ ጠፍተው በድምፅ ፈልጋ ያገኘቻቸው ናቸው።

«ጎረቤቶቼ» አለች። «ክፍሉ ነገ ይከፈታል… አሉ።»

«አሉ»ዋን ረገጥ አደረገቻት። ሰው ገባውና ሳቀ።

«‹አሉ› አይበሉ!» አለ መግለጫ።

«እና ምን ልበል? አይቻለሁ ልበል? ስማ አንተ!» አለችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ነበር የምትለው። «ያላየሁትን ስታስለፈልፈኝ ከረምክ። ሰው ፊቱን አዞረብኝ፤ የጠፋ ልጅ ስጠራ እንኳ የሚያምነኝ አጣሁ። ልጄን በቢሮህ መኪና ወስደህልኝ የቃሪያን ምራት በማን መኪና ልትወስዳት ነው? ከእንግዲህ ዓይኔ ያላየውን አፌ አያወራም። ልግባና ልይ!»

ይኼን ሁሉ በማይኩ ነው። ማጉያው እንደተከፈተ መሆኑን ሁለቱም ረስተውታል። ሰፈሩ ጭብጨባውን አቀለጠው፤ እኔም መሪው ላይ ተደፍቼ ሳቄንና ልቅሶዬን ባንድ ላይ ለቀቅኩት። የኔ እህት! አንጀቴን አራሰችው።

የማይኩ ገመድ ረጅም ነው። እሷ ወደ ጤና ጣቢያዋ ስትገባ እኔ እንደ ውሃ ጎማ እየፈታሁ ተከተልኳት። ውጭ ያለው ሰው ድምፅዋን ይሰማል። «ኮሪደሩ ላይ ነኝ» አለች። «የማዋለጃው በር ክፍት ነው። ውስጡ ወንበር ነው፤ የፕላስቲክ ወንበር እስከ ጣሪያ። ግድግዳው ላይ የሕፃናት ክትባት ሥዕል ነበር፤ እሱንም በባንዲራ ሸፍነውታል። አልጋው ግቢ ነው ያለው፤ ለስላሳ ተጭኖበታል። ሌላ የማየው ነገር የለም።»

«አልጋው ይግባ!» አለ ከውጭ ያለው ሕዝብ።

የመግለጫ ስልክ ጮኸ። አነሳው፣ «እሺ፣ እሺ ጌታዬ» አለ፣ ዘጋው። እንግዶቹ ድልድዩ ጋ ደርሰዋል። ሴቶቹን አየ፣ ባነሩን አየ፣ መንገዱን አየ። ከዚያ ከረባቱን ከትከሻው መለሰና ለፖሊሱ አለቃ፣ «ይግባላቸው። በቃ ይግባላቸው» አለው። ከመጣ ጀምሮ እንደ ሰው ሲያወራ የሰማሁት ያኔ ነው።

በሩ ተለቀቀ። ቃሪያ ገብታ የለስላሳውን ሳጥን በዘበኛው ጭን ላይ አስቀመጠችለት። ፀጉር ሠሪዋና ሌሎች ሴቶች አልጋውን አነሱ፤ ያ ግድግዳ ሲያይ የነበረው ወጣት ፖሊስ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጠና አንዱን እግር ያዘ። ወንበሮቹ በእጅ በእጅ እየተቀባበሉ ወጡ። አዋላጇ ከካርድ ክፍል ብቅ አለች፤ እጅጌዋን ሰብስባ «መጀመሪያ ወለሉ ይታጠብ! ጫማችሁን አውልቁ!» እያለች ፖሊሱን ጭምር ታዘዋለች። እህቴ ጥግ ይዛ ሁሉንም ትናገራለች። «ወለሉ ታጠበ። አልጋው በበሩ እየገባ ነው። ቀስ! ግድግዳውን ነካው። ገባ። አዋላጇ አንሶላ እያነጠፈች ነው። ሰማያዊ አንሶላ።»

ስትጨርስ ወደ ውጭ ወጣች፣ በሩ ላይ ቆመች።

«ክፍሉ ተከፍቷል» አለች። «ወደየሥራችን እንሂድ።»

ሰዉ አልተንቀሳቀሰም። በዚያን ሰዓት እንግዶቹን ረስቻለሁ፣ ፖሊሱንም ረስቻለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ እህቴን አፍጥጦ እያያት ነው። ቃሪያ ቅርጫቷን ወገቧ ላይ አስደግፋ ወደፊት ወጣች።

«በዓይንሽ አይተሻል?» አለቻት።

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በይ እንግዲያው» አለችና ቃሪያ ወደ ሰዉ ዞረች። «ሰማችሁ አይደል? አይታለች። እንሂድ፤ ቃሪያዬ ጠወለገብኝ።»

እንደዚያ ብቻ ነው። ሰዉ ቀስ እያለ፣ እየተጫወተ፣ አልጋ የተሸከሙትን ትከሻ እየመታ ተበተነ። የፓርቲ ሰው በማጉያ ለምኖ፣ ፖሊስ አዝዞ አልሄድም ያለ ሕዝብ፣ አንዲት ሴት «አይቻለሁ» ስላለች ሄደ። መግለጫ ቆሞ ነበር የሚያየው። ምን እንዳሰበ አላውቅም። እንግዶቹ ሲያልፉ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ባነሩም ላልቶ ይሁን ጠብቆ፣ እንደገባቸው አነበቡት።

ከዚያ ወዲያ የፓርቲው ነዳጅ ቀረብን፤ ይቅር። አንድ ድምፁ ያማረ ወጣት ቀጠሩና በአዲስ መኪና ያዞሩታል፤ ምስኪን፣ የተናገረውን ተናግሮ ሲያልፍ ሰው «ሞንታርቦ አይታዋለች?» ይላል። ከሰፈሩ ሰው ጥቂት ጥቂት እየተዋጣ የኛ ፒክአፕ መንቀሳቀሷን አላቆመችም። አሁን መፈክር ከመሰቀሉ በፊት ቢሮ ውስጥ ጮክ ተብሎ በየዓይነቱ ይነበባል አሉ፤ እኔ አላየሁም። ያየሁት ግን የጤና ጣቢያዋን አግዳሚ ወንበር ነው። ሴቶቹ ተራ አውጥተው በየቀኑ አንዲት እየተቀመጠች ሹራብ ትሠራለች፣ አተር ትፈለፍላለች፤ የፕላስቲክ ወንበር የጫነ መኪና ከመጣ ለመጮህ። ነገ ደግሞ ምን እንደሚያመጡ አይታወቅም። ግን ሰዉ አንድ ጊዜ እርስ በርሱ ተያይቷል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው አንገት ደፍቶ መሄድ የለም።

የእህቴን ልጅ ምጥ የያዛት ገበያው በደመቀበት ሰዓት ነው። በእግሯ ነው የሄደችው፤ እናቷ በአንድ ወገን፣ አግዳሚው ላይ ተረኛ የነበረችው ፀጉር ሠሪ በሌላ ወገን ደግፈዋት። እኔ መኪናዬን በሩ ላይ አቁሜ ጥፍሬን እበላለሁ። ገበያው ሥራ ፈቶ ወደዚህ ወገን ነው የሚያየው። ቃሪያ እንኳ ደንበኛ እየመለሰች ነው።

እህቴ ወጣች። ፀጉሯ ተበታትኗል፤ የክት ቀሚሷን ሳይሆን ያንኑ የቤት ልብሷን ነው የለበሰችው። ምንም ሳትለኝ በመስኮቱ እጇን ሰደደችና ማይኩን አነሳች። ሁለት ጊዜ ሞከረች፣ ድምፅዋ እንቢ አላት። በሦስተኛው ወጣላት።

«ሴት ልጅ ናት» አለች። «እናትየዋም ደህና ናት።»

ገበያው በጭብጨባና በጩኸት ተናጠ። ሹፌሮቹ ክላክስ ለቀቁት፣ ቃሪያ ቅርጫቷን ጥላ እየሮጠች መንገዱን ተሻገረችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንድም «በዓይንሽ አይተሻል?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም።